ብርድና ግልገል፦ በደጋ የፍየል ግልገሎችን ሕመም ስለ መለየትና ስለ መከላከል

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ እጅግ የቀለለ ሊመስል ይችላል። «የፍየል ግልገል በብርድ ይሞታል፤ ይህን ለማወቅ ዶክትሬት ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢኖር አልፈርድበትም። ችግሩ ግን የተማርነው እኛ ይህን ቀላል ነገር በመዝገባችን ላይ አለመጻፋችን ነው። የክሊኒክ መዝገቦቻችንን ብትገልጡ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የሞቱ ግልገሎች በአመዛኙ «የሳንባ ምች» ተብለው ተመዝግበው ታገኛላችሁ። ከእነዚህ ውስጥ ሆዱ ተከፍቶ የታየው ስንቱ ነው? በእኔ እጅ ካለፉት፣ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዘመኖቼ፣ አንድም አልነበረም።

ስለ አንዱ ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በሰሜን ሸዋ ደጋ በተመደብሁበት የመጀመሪያው ታኅሣሥ፣ አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት መንታ የወለደች ፍየል አለችኝ ብለው አስጠሩኝ። ስደርስ አንደኛው ግልገል ቆሞ ይጠባል፤ ሁለተኛው በጉረኖው ጥግ ተኮራምቶ ተኝቷል። ጆሮው ቀዝቅዟል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ሳንባው ታሟል አልሁና ኦክሲቴትራሳይክሊን ወጋሁት። ከዚያም ይበረታ ብዬ ወተት በጠርሙስ አፉ ውስጥ አንቆረቆርሁለት። ግልገሉ አንድ ጊዜ ተንፈራገጠና በእጄ ላይ ሞተ። ሴትዮዋ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ አፉን በጣትህ ነክተኸው ነበር? በርዶት እኮ ነው እንጂ አልታመመም ነበር» አሉኝ። ቢሮ ተመልሼ በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት ግን «የሳንባ ምች» ብዬ ነው። ያን ቀን ቴርሞሜትር በቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፤ አላወጣሁትም።

እንግዲህ ይህ ንግግር ስለዚያ ቴርሞሜትር ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

አስቀድሞ «ብርድ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንስማማ። አገራችን እስከ 2008 ዓ.ም. በቱሪዝም መፈክር የ13 ወር ጸጋ እየተባለች ትጠራ ስለ ነበር፣ ስለ ሐሩር እንጂ ስለ ውርጭ ማሰብ አልለመድንም። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃንና ከእርሷም ከፍ ባሉት የመንዝ አምባዎች በመኸርና በበጋው መጀመሪያ የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። ይህ ደረቁ ብርድ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሌላው የሐምሌና የነሐሴ እርጥብ ብርድ ነው። ቴርሞሜትሩ 8 ወይም 10 ዲግሪ ቢያሳይም፣ ዝናብና ነፋስ ሲጨመሩበት ለአዲስ ለተወለደ ግልገል ከደረቁ ውርጭ የከፋ ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት ባለሙያዎቻችን ለውርጭ የሚሰጡትን ትኩረት ያህል ለእርጥቡ ብርድ አይሰጡም።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ግልገሉ ከማኅፀን ሲወጣ በፈሳሽ ርሶ ነው። አንድ ግራም ውኃ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 2.4 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይወስዳል። በጠጉሩ ላይ 100 ግራም ፈሳሽ ቢኖርና ለመትነን የሚያስፈልገው ሙቀት ሁሉ ከገላው የሚመጣ ቢሆን፣ 240 ኪሎ ጁል ያጣል ማለት ነው። ይህም በ80 ሚሊ ሊትር ገደማ የፍየል ወተት ውስጥ ካለው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝንና ገና አንዴም ላልጠባ ፍጥረት ይህ ከባድ ዕዳ ነው። በእናቱ ምላስ ወይም በደረቅ ጨርቅ ቢደርቅለት ኖሮ ዕዳው ሁሉ በቀረለት ነበር። አርቢዎች ግልገሉን በአሮጌ ጋቢ የሚያሹት ለዚህ ነው፤ የፊዚክሱን ቀመር ባያውቁትም ሥራውን ያውቁታል።

ግልገሉ ይህን ዕዳ የሚከፍልበት አንድ ትንሽ ቋት ይዞ ይወለዳል፤ ይኸውም በኩላሊቱ ዙሪያ የሚገኘው ቡናማ ስብ ነው። ይህ ስብ ሳያንቀጠቅጥ ሙቀት ያመነጫል። ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ አጠገብ በሚገኘው የሞርደን የምርምር ተቋም በበግ ግልገሎች ላይ የተደረጉት ሥራዎች እንዳሳዩት፣ ግልገሉ በክፉ ብርድ ውስጥ ሳይጠባ ከቆየ ይህ ስንቅ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ይሟጠጣል። የፍየል ግልገል ከበግ ግልገል ጠጉሩ የሳሳ፣ ከቆዳው ሥርም ስብ የሌለው በመሆኑ፣ እኛ ይህን የ5 ሰዓት መስመር ለፍየል ስንጠቀም ለጋስ ሳንሆን አንቀርም።

ስለዚህ በሕክምናው ፊት የሚቀርቡልን ሁለት ዓይነት የበረዱ ግልገሎች ናቸው። አንዱ ከተወለደ ገና ጥቂት ሰዓት የሆነው፣ ሙቀት በፍጥነት ያጣ፣ ስንቁ ግን ያላለቀበት ነው። ሁለተኛው ከ5 ሰዓት በላይ የሆነው፣ ወይም የሁለትና የሦስት ቀን ዕድሜ ያለው፣ በረኀብ ምክንያት ሙቀት ማመንጨት ያቃተው ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ምልክቶቹ ልናገር።

ጤናማ ግልገል ከተኛበት ሲያስነሡት ይንጠራራል። ጀርባውን ወደ ታች ያጎብጣል፣ የኋላ እግሩን ይዘረጋል፣ ከዚያ ወደ እናቱ ይሮጣል። ይህን አንድ ምልክት ብቻ ዕድሜ ልካችሁን ብታስታውሱ ብዙ ታተርፋላችሁ። ያልተንጠራራ ግልገል አንድ ነገር ጎድሎታል። የታመመው ጀርባውን ወደ ላይ ያጎብጣል፣ ጭራውን ይጥላል፣ አራቱን እግሮቹን ሰብስቦ ይቆማል፣ ከወንድሞቹ ተለይቶ ፀሐይ ወይም ጥግ ይፈልጋል። ጎኑ ጎድጉዶ ከታየ አልጠባም። መጮኹም ይታያል፤ የራበው ግልገል አብዝቶ ይጮኻል፤ እየበረደው የሄደው ግን ዝም ይላል። አርቢው «ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮ አሁን ተሻለው፣ ዝም አለ» ሲላችሁ ወደ ጉረኖው ሩጡ።

ከዚያ አፉን ንኩ። ጆሮና እግር በውርጭ ጠዋት የጤናማውም ቢሆን ስለሚቀዘቅዝ ያሳስታል። አፉ ውስጥ የገባ ንጹሕ ጣት ግን ብዙ አይዋሽም። ሞቆ ጣታችሁን የሚጠባ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። ሞቆ የማይጠባ ከሆነ ሌላ በሽታ ፈልጉ። ቀዝቅዞ የማይጠባ ከሆነ ጊዜው እያለቀ ነው። የዚያች እናት ጥያቄ ይህ ነበር፤ እኔ በአምስት ዓመት ትምህርት ያልያዝሁትን እርሳቸው በጣታቸው ይዘውት ነበር።

በመጨረሻ ቴርሞሜትሩን ፊንጢጣው ውስጥ አግቡ። ጤናማ ግልገል ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ይገኛል። ከ40.5 በላይ ከሆነ ትኩሳት አለው፤ ኢንፌክሽን ጠርጥሩ። ከ39 እስከ 37 እየወረደ ከሆነና ግልገሉ ደክሞ ከታየ በርዶታል። ከ37 በታች ከሆነ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ 41 ዲግሪ ያለውም 36 ዲግሪ ያለውም ግልገል ተኮራምቶ፣ ራሱን ደፍቶ፣ ትንፋሹ ተዛብቶ ታገኙታላችሁ። በዐይን ብቻ የሚለያቸው ባለሙያ አላጋጠመኝም። ለመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ሕይወት ነው፤ ለሁለተኛው ጊዜ ማባከኛ ነው።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ከ37 እስከ 39 ያለውን ግልገል አድርቁት፣ ከነፋስ አውጡት፣ እንገር ወይም ወተት ስጡት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለኩት። ከ37 በታች የሆነውና ዕድሜው ከ5 ሰዓት ያልበለጠው ደግሞ አስቀድሞ ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱ 37 ሲያልፍ ይመገባል። አስቸጋሪው ከ37 በታች የሆነውና ከ5 ሰዓት በላይ የቆየው ነው። እርሱን አስቀድማችሁ ብታሞቁት ትገድሉታላችሁ። ሙቀቱ ሲጨምር የሰውነቱ እንቅስቃሴም ይጨምራል፤ በደሙ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ግሉኮስ ትሟጠጣለች፤ አንጎሉ ስንቅ ያጣል፤ ተንፈራግጦ ይሞታል። እሳት ዳር ካስቀመጡት በኋላ «ሊድን ሲል ሞተ» የሚባለው ግልገል ታሪክ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ ከማሞቅ በፊት 20 በመቶ የግሉኮስ መፍትሔ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ሊትር፣ በሰውነት ሙቀት ልክ ሞቆ፣ በሆድ ዕቃው ክፍተት ውስጥ ይሰጠዋል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝነው 20 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘውን 40 በመቶ ግሉኮስ ከእኩል መጠን ንጹሕ የመርፌ ውኃ ጋር ብትቀላቅሉት 20 በመቶ ይሆናል። ግልገሉ በፊት እግሮቹ ተንጠልጥሎ ይያዛል፤ መርፌው ከእትብቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ታች፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ይገባል፤ ጫፉም ወደ ጭራው ሥር ያመለክታል። ተማሪዎች፣ ይህን በንግግር አይማሩትም፤ በሬሳ ላይ ተለማምዳችሁ ነው የምትሠሩት።

ለማሞቅ የኢንኩቤተር ሣጥን የለንም ብላችሁ አትተዉት። በሙቅ ውኃ የተሞሉ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በካርቶን ውስጥ ከግልገሉ ጎንና ጎን ቢደረጉ ይሠራሉ። በዙሪያው ያለው አየር ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ተቆጣጠሩ፤ ቆዳው እንዲቃጠል አያስፈልግም። ራሱን ቀና ማድረግ ለማይችል ግልገል ግን በአፉ ምንም አይፈስስለትም። እኔ የሠራሁት ስሕተት እርሱ ነው፤ ወተቱ ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ ሳንባው ሄደ። ጭንቅላቱን ማንሣት ሲችልና ሙቀቱ 37 ሲያልፍ ብቻ በቱቦ ይመገባል፤ መጠኑም ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ነው።

እንገርን ጠቀስሁ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፍየል እንግዴ ልጅ የእናቲቱን የመከላከያ ፕሮቲኖች ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ግልገሉ ያለ ጋሻ ይወለዳል፤ ጋሻውን የሚያገኘው በእንገር ብቻ ነው። አንጀቱም ይህን ፕሮቲን ሳይፈጭ የሚያስገባው ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያህል ሲሆን፣ በሩ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ እየጠበበ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛውን ያህል ሊጠጣ ይገባል፤ በብርድ ወቅት ከዚያም በላይ። የበረደው ግልገል አይጠባም፤ ያልጠባው ደግሞ ይበልጥ ይበርደዋል፤ ከሁሉ ቢተርፍ እንኳ ያለ ጋሻ ስለ ቀረ በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥ ወይም ሳንባ ይጥለዋል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ «የሳንባ ምች» የተባለው እውነትም የሳንባ ምች በሆነ ጊዜ እንኳ፣ ሥሩ በመጀመሪያዋ ሌሊት ብርድ ላይ ሊሆን ይችላል። በየአካባቢው እንገሩ «ወፍራም ነው፣ ሆድ ያውካል» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት፣ ወይም ለቤተሰብ የሚቀርብበት ልማድ አለ። ልማዱን በንቀት መናገር ጥቅም የለውም፤ «ከግልገሉ የተረፈውን ውሰዱ» ማለት ግን ይሰማል። እናቲቱ ከሞተች በዚያው ቀን የወለደች ሌላ ፍየል፣ ካልሆነም የላም እንገር ይተካል።

ስለ ሳንባ በሽታ ራሱ አጠር አድርጌ ልናገር። ማንሃይሚያና ፓስቱሬላ የተባሉት ባክቴሪያዎች በጤናማው እንስሳ ጉሮሮም ይኖራሉ፤ የሚያጠቁት የመተንፈሻ አካሉ ሲዳከም ነው። ለዚህ ከብርዱ ይልቅ ብርዱን ፈርተን የምናደርገው ነገር ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይጎዳል። ጉረኖውን ቀዳዳ እስኪያጣ ድረስ እንመርጋለን፤ ወይም ግልገሎቹን ጭስ በሞላበት ማድ ቤት እናሳድራለን። ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያና የኩበቱ ጭስ በመተንፈሻ ቱቦው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጠራጊ ጠጉሮች ያዳክማል። ቤቱን የምትፈትሹት ቆማችሁ አይደለም። ተንበርከኩ፤ አፍንጫችሁን ግልገሉ በሚተነፍስበት ከፍታ አድርጉ፤ ዐይናችሁ ካነባ ቤቱ ታሟል። ነፋስ በግልገሉ ላይ እንዳይነፍስ ከታች ይከለከል፤ እርጥብ አየር እንዲወጣ ከጣራው ሥር ክፍት ይተው። ለፍየል ደርቆና ከፍ ብሎ የሚሠራው ቆጥ ለትልቁ መልካም ነው፤ ለአራስ ግልገል ግን ከሥሩ የሚገባው ነፋስ ጠላት ስለሆነ ገለባ የተነጠፈበት የተከለለ ጥግ ይፈልጋል። ገለባው ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ግልገሉ ሲተኛ እግሮቹን እዩ፤ ከታዩአችሁ አልበቃም።

ሳል፣ ትኩሳትና ፈጣን ሞት በትልልቆቹም ፍየሎች ላይ ከታየ፣ በጎቹ ግን ደኅና ከሆኑ፣ ነገሩ ከብርድ አልፎ ተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ ሊሆን ይችላል። የአፍ ቁስል፣ የዐይን ፈሳሽና ተቅማጥ ከተጨመረበት፣ በጎችም ከታመሙ ደግሞ ደስታ መሰል በሽታን አስቡ። በሁለቱም ጊዜ ሥራችሁ ማከም ብቻ ሳይሆን ማሳወቅም ነው። እርዱ ብላችሁ ገበያ እንዲወጡ አትፍቀዱ።

የተቅማጥ ነገር ዕድሜን ጠይቁ እላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሆነ ኢ. ኮላይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻና በሁለተኛው ከሆነ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ ኮክሲዲያ በቅድሚያ ይጠረጠራሉ። ኮክሲዲያ የብርድ በሽታ ባይባልም ብርድ ይጠራዋል፤ ግልገሎቹ ለሙቀት ሲባል በአንድ እርጥብ ስፍራ ይታጎራሉና። ክሪፕቶስፖሪዲየም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ግልገል አቅፈው የሚተኙ ሕፃናት ያሉበትን ቤት አስጠንቅቁ። በሁሉም ጊዜ መጀመሪያ የሚገድለው የፈሳሽ ማነስ ስለሆነ፣ ለልጆች የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ለግልገሉም ያገለግላል፤ ወተቱን ግን ለረጅም ጊዜ አትከልክሉት።

መከላከሉ የሚጀምረው ግልገሉ ከመወለዱ በፊት ነው። ፍየል 150 ቀን ገደማ ታረግዛለች። በሐምሌ የተጠቃች ፍየል በታኅሣሥ ውርጭ ትወልዳለች ማለት ነው። ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው፤ በዚያ ጊዜ የከሳች እናት ትንሽ ግልገልና ጥቂት እንገር ትሰጣለች። አርቢው ለሁሉም መኖ መጨመር ካልቻለ፣ ላረገዙት ብቻ፣ ለመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ብቻ ይጨምር። ወጠጤውን ለጥቂት ወራት መለየት፣ ወይም በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ እንደሚደረገው ከሆዱ ሥር የቆዳ መሸፈኛ ማሰር፣ ወሊዱን ከክፉው ወር ያሸሻል። ይህን ስናገር አንድ አርቢ «ገበያው በፋሲካ ነው፣ ወሩን እኔ አልመርጥም» ብሎኛል። ልክ ነው፤ እንግዲያው ወሩን መምረጥ ካልቻለ ሌሊቱን ይምረጥ። የምትወልደውን ለይቶ በደረቅ ስፍራ ያሳድር፣ የጡቷን ጫፍ ጨምቆ መውጫውን የዘጋውን ነገር ያስወግድ፣ እትብቱን በአዮዲን ይንከር፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ለግልገሉ ካባ ይስፋለት። ካባው ቀን ቀን በፀሐይ ይውለቅ፤ ላብና እርጥበት ከያዘ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

የሞተውንም አትቅበሩ፤ መጀመሪያ ክፈቱት። ሳንባው ቁራጭ በውኃ ላይ ከተንሳፈፈ ተንፍሷል። ከሸኮናው ሥር ያለው ለስላሳ ሽፋን ካልተላጠ አልተራመደም። አራተኛው የጨጓራ ክፍል፣ አቦማሰሙ፣ የረጋ ወተት ከሌለበት አልጠባም። በኩላሊቱ ዙሪያ ያለው ስብ ነጣ ያለና የጠና መሆኑ ቀርቶ ቀልቶና እንደ ዝልግልግ ነገር ሆኖ ከተገኘ ስንቁን ጨርሶ ሞቷል፤ ይህ ግልገል በረኀብና በብርድ ነው የሞተው። ሥራው በስለት ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ጓንት አድርጉ፣ ሬሳውንም በመጨረሻ በጥልቀት ቅበሩት። በአንድ ወረዳ ውስጥ አንድ ባለሙያ በአንድ የበጋ መግቢያ ሃያ ግልገሎችን ብቻ ከፍቶ ቢመዘግብ፣ ክትባት ይገዛ ወይስ ገለባና ቴርሞሜትር የሚለውን የወረዳው ጽሕፈት ቤት በግምት ከመወሰን ይድናል።

የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ የተግባር ክፍለ ጊዜያችን ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት በፋኩልቲው የፍየል ጉረኖ ነው፤ ውርጩ ሳይለቅ እንድንደርስ ነው ሰዓቱን የመረጥሁት። ከትናንት ወዲያ የወለዱ ሦስት እናቶች አሉ። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ኑ፤ ያልያዘ ከጓደኛው አይዋስ፣ ለየራሳችሁ ነው የምትለኩት። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።